ሁሉም አረንጓዴ በነበረበት ጠዋት

ሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ገባሁና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ የየቅርንጫፉ ኔትወርክ መሥራት አለመሥራቱን የሚያሳየውን ስክሪን ቀና ብዬ አየሁ። ቅርንጫፎቹ በሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ጎንደር አረንጓዴ፣ ጅማ አረንጓዴ፣ አርባ ምንጭ አረንጓዴ። አንድ ቀይ ነጥብ የለም። እንዲህ ያለ ሰኞ ብዙም ስለማይገጥመኝ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። ከአንድ የክፍለ ሀገር ቅርንጫፍ ነው። የደወለችው ሠራተኛ ስትናገር ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ወንድሜ፣ ሲስተም የለም እኮ። ቅዳሜ ከሰዓት እንደጠፋ አልመጣም። ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ ቆሟል። ምን ልበላቸው?»

ስክሪኑን ድጋሚ አየሁት። የእሷ ቅርንጫፍ አረንጓዴ ነው። «እዚህ እኮ እየሠራ ነው የሚለው፤ እስቲ ኬብሉን እዪው» አልኳት። ያንን ያልኩበትን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ማሽን አምኜ ሰው ተጠራጠርኩ።

ነገሩ የተጣራው ከሰዓት በኋላ ነው። ቅርንጫፎቹን በየአምስት ደቂቃው እየጠየቀ መልስ የሚሰበስበው ፕሮግራም አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሞቷል። ሰርቨሩ ሜሞሪ አልቆበታል። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ሜሞሪ ጨርሶ ሲያልቅበት ከሚሠሩት ፕሮግራሞች አንዱን መርጦ ይገድላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ነው። ያን ሌሊት ብዙ የያዘው ቅርንጫፎቹን የሚጠብቀው ያ ፕሮግራም ራሱ ነበር። ገጹን ለእኛ የሚያሳየው ፕሮግራም ግን በሕይወት አለ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ያየውን ይዞ ከሁለት ቀን በላይ «ሁሉም ደህና ነው» ሲለን ቆየ።

ይህ የሆነው ከዓመታት በፊት፣ ያኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ሩቅ ያለ ኔትወርክ ስለመጠበቅ ሳስብ የምጀምረው ከሁለት ጥያቄ ነው። ይህ መሣሪያ ምን ይረሳል? ከማን ጋርስ መነጋገር ይችላል? ስለ ግራፍ ማማርና ስለ ዳሽቦርድ ብዙ ይወራል። እኔን ዋጋ ያስከፈሉኝ ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። መሣሪያው የሚረሳውን እኛ ቀድመን ካልወሰንንለት ራሱ ይወስናል፤ የሚወስነውም በሌሊት ነው።

ሜሞሪው ለምን እንዳለቀ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከጠያቂው ፕሮግራም ጋር ራሳችን ያያያዝነው ትንሽ ኮድ በየዙሩ የሚይዘውን ሜሞሪ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ነበር። በቀን ሃያ ሜጋ ባይት ገደማ ሳይመለስ ይቀራል። ሃያ ሜጋ ባይት ሲሉት ምንም አይደለም። አምስት ወር ሲቆይ ግን ሦስት ጊጋ ባይት ይሆናል። ማሽኑ ያለው ጠቅላላ አራት ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ስለ ትዕግሥት ነው የምንለው። የሚፈስ ሜሞሪም የሚሄደው በዚያው እግር ነው።

ኮዱ ግን ከተጻፈ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ታዲያ እስከዚያ ድረስ ችግሩ የት ነበር? ይሸፍነው የነበረው የመብራት መጥፋት ነው። በሰፈሩ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ ይጠፋል፤ ሲመጣ እንደ አዲስ ይነሳል፤ ሜሞሪውም ከባዶ ይጀምራል። ከዚያ ስንለምን የቆየነው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) እና ጄኔሬተር ተገዛልን። ሁላችንም ደስ አለን። ሰርቨሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ወር ሙሉ ሳይጠፋ ሠራ። ለመጀመሪያ ጊዜም ሜሞሪው እስኪያልቅ ድረስ ዕድሜ አገኘ።

ይህን ለሙያ ጓደኞቼ ስነግራቸው ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ «የኛም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። እኛ አገር መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸውን ሳያዩ ነው የሚነሱት። መብራቱ ሲስተካከል የተደበቀው ሁሉ አብሮ ይወጣል። ኃይል በተሻሻለ ቁጥር የሚከተሉትን ስድስት ወራት የሜሞሪውን መስመር በዓይን መከታተል ያስፈልጋል። መስመሩ በየቀኑ ጥቂት ከፍ እያለ የሚሄድ ከሆነ፣ ምን ያህል ቢዘገይም መጨረሻው ይታወቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ማመስገን እፈልጋለሁ። ቶቢያስ ኦቲከር ይባላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር ከተማ በሚገኘው ደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኛቸው በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት የሚያስተላልፍ አንድ መስመር ብቻ ነበር። መስመሩ ምን ያህል እንደተጨናነቀ ለማሳየት ኤምአርቲጂ የሚባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1995 ነው። በ1999 ደግሞ የተለኩት ቁጥሮች የሚቀመጡበትን መዝገብ አያያዝ ለብቻው አውጥቶ አርአርዲቱል አደረገው። እኛ ያንን መዝገብ ለዓመታት ተጠቅመንበታል። ዛሬም የሚጠቀሙበት ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሉ።

የዚህ መዝገብ ትልቁ ጥበብ አለማደጉ ነው። ሲፈጠር ልኩ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ባይት አይጨምርም። የተለመደውን አከፋፈል ላስረዳ። በየአምስት ደቂቃው የተለካው ቁጥር 600 ጊዜ ይቀመጣል፤ ይህ ሁለት ቀን ገደማ ነው። ከዚያ የግማሽ ሰዓቱ አማካይ 700 ጊዜ፣ የሁለት ሰዓቱ አማካይ 775 ጊዜ፣ የአንድ ቀኑ አማካይ 797 ጊዜ ይቀመጣል። ሲደመር 2,872 ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ይይዛል። ሁሉም 23 ሺህ ባይት አይሞላም። በዚህች ቦታ ከሁለት ዓመት በላይ ታሪክ ይገባል። መዝገቡ እንደ ክብ ነው፤ ሲሞላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል።

ሰው የሚያስታውሰው እንደዚህ አይደል? ትናንት ጠዋት ምን እንደበላሁ አውቃለሁ። ያለፈውን ሳምንት በደምሳሳው አስታውሳለሁ። ካቻምና ግን «ዝናቡ የበዛበት ዓመት» ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ስረዳ ዲስኩ ይሞላል ብዬ መስጋት ተውኩ። ሌላ ስጋት ግን መጣ።

የበጀት ዘመን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። አንድ ሰኔ ላይ ከፋይናንስ ጥያቄ መጣ። የትኞቹ ቅርንጫፎች የተከራዩትን መስመር አይጠቀሙበትም? ዝቅ ማድረግ የሚቻል ከሆነ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ወጪ ይቀነሳል። ጥያቄው ትክክል ነው። የዓመቱን ግራፍ አውጥቼ አየሁ። አንዱ ቅርንጫፍ ዓመቱን ሙሉ ከመስመሩ 30 በመቶውን ብቻ ተጠቅሟል። ዝቅ ይደረግ ብዬ ጻፍኩ።

ሐምሌ ላይ ያ ቅርንጫፍ ታነቀ። ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን አንድ ገጽ ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅ ጀመር። ጥፋቱ የእኔ ነው። የዓመቱ ግራፍ የሚያሳየው የ24 ሰዓት አማካይ ነበር። ቅርንጫፉ በቀን የሚሠራው ስምንት ሰዓት ነው። በነዚያ ስምንት ሰዓታት 90 በመቶ ድረስ ይጠቀማል፤ ሌሊቱን ሰው የለም። ስምንቱን ሰዓት ለ24 ስታካፍለው 30 በመቶ ይወጣል። መዝገቡ አልዋሸም። የጠዋቱን ጭንቀት እንዲረሳ የፈቀድንለት እኛ ነን።

መፍትሔው ቀላል ነበር። መዝገቡ ከአማካዩ ጎን ከፍተኛውን ልክም እንዲይዝ ሲፈጠር ማዘዝ ይቻላል። የሚያስከፍለው ተጨማሪ 23 ሺህ ባይት ነው። ግን የሚይዘው ከታዘዘ በኋላ ያለውን ብቻ ነው። ያለፈው ዓመት ጠዋቶች ሄደዋል፤ ማንም አይመልሳቸውም። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር መለካት በጀመርን ቁጥር አንድ ወረቀት እሞላለሁ። ይህ ቁጥር ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ይጠይቀዋል? አማካዩን ነው የሚፈልገው ወይስ ጫፉን?

በነገራችን ላይ የቀኑ ድንበርም ያሳስታል። መዝገቡ ቀን የሚቆርጠው በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ነው። በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። የወር ሪፖርት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚጠየቅ ሰው ይህች የሦስት ሰዓት ልዩነት ትንሽ ትመስላለች። ሌሊት ላይ የሚሠራ የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሥራ ካለ ግን ከሐምሌ 1 የወጣው ወደ ሰኔ 30 ሊገባ ይችላል። ሂሳብ ሲመሳከር ያጣላል።

አሁን ወደ መነጋገሩ ልሂድ።

የኔትወርክ ዕቃዎች የሚጠየቁበት የቆየ ቋንቋ አለ። ኤስኤንኤምፒ ይባላል። የመጀመሪያው ቨርዥን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በ1990ዎቹ መጡ። አብዛኛው አዲስ ዕቃ ሦስቱንም ይናገራል። ከሃያ ዓመት በፊት ተገዝቶ ዛሬም የሚሠራ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ ዕቃ) ግን አንዳንዴ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኛ ጋ ዕቃ እስከሠራ ድረስ አይጣልም። አይጣልም ስል እየነቀፍኩ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ተጠብቆ፣ ጨረታ ወጥቶ የመጣ ዕቃ ነው። ሊከበር ይገባዋል። ግን አብሮት የሚመጣውን ማወቅ ግድ ነው።

የመብራት ቆጣሪን አስቡ። አንባቢው በየወሩ ይመጣል፤ ያሁኑን ቁጥር ካለፈው ቀንሶ የተጠቀማችሁትን ያወጣል። ስዊችም በየፖርቱ፣ ማለት ኬብል በሚሰካበት በየቀዳዳው፣ ያለፈውን ባይት እንዲሁ ይቆጥራል። ጠያቂው ፕሮግራም በየአምስት ደቂቃው መጥቶ ያነባል፤ ይቀንሳል። የአሮጌው ቆጣሪ ማስቀመጫ 32 ቢት ነው። እስከ 4,294,967,295 ቆጥሮ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በ100 ሜጋ ቢት መስመር ላይ፣ መስመሩ ሙሉ ቢሆን፣ ለመመለስ 5 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሁለት ንባብ መካከል ከአንድ ጊዜ በላይ አይዞርም። ፕሮግራሙም ገምቶ ያስተካክለዋል።

ከዚያ አንዱን ዋና መስመር ወደ ጊጋ ቢት አሳደግን። ግራፉ ወረደ። አለቃዬ መጥተው «ይህን ሁሉ ወጪ አውጥተን አጠቃቀሙ ቀነሰ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በአንድ ጊጋ ቢት ቆጣሪው በ34 ሰከንድ ይዞራል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስምንት ጊዜ ዞሮ ዘጠነኛውን ይጀምራል። አንባቢው ግን የሚያየው መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። ስንት ጊዜ እንደዞረ ምንም ማወቂያ የለውም። መፍትሔው 64 ቢት ቆጣሪ ነው። ዕቃው 64 ቢት ቆጣሪ ነበረው። የመጀመሪያው ቨርዥን ግን 64 ቢት ቁጥር ማስተላለፍ አይችልም። ችግራችን እኛ ዕቃውን በአሮጌው ቋንቋ መጠየቃችን ነበር። ለአሮጌዎቹ ስዊቾች ብለን ሁሉንም በአንደኛው ቨርዥን ስናናግር ኖረናል። ሁለተኛው ላይ ስናደርገው ግራፉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተስተካከለ።

ለደካማው አስበህ ሁሉንም ዝቅ ማድረግ ደግነት ይመስላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱን ዕቃ በሚያውቀው ከፍተኛ ቋንቋ ነው የማናግረው። አሮጌውን በአሮጌው፣ አዲሱን በአዲሱ። ሥራው ይበዛል፤ ዝርዝር መያዝ ያስፈልጋል። ግን አንዱ የሌላውን ሸክም አይሸከምም።

ቋንቋው ከምንም በላይ ራሱን የሚያሳየው በሳተላይት መስመር ላይ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሟል። ጥያቄ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መልስ ይወጣል፣ ይወርዳል። አራት ጊዜ ያንን ርቀት ማለት ነው። ብርሃን እንኳ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የዕቃዎቹ መዘግየት ሲጨመር 0.6 ሰከንድ እንበል። አሁን 48 ፖርት ያለው ስዊች አለ። ስለ እያንዳንዱ ፖርት ሃያ ነገር ልጠይቅ። ወደ አንድ ሺህ ጥያቄ ይሆናል። በመጀመሪያው ቨርዥን ሰንጠረዡን አንድ በአንድ እየጠየቁ ከሄዱ አሥር ደቂቃ ነው። በየአምስት ደቂቃው ለሚጀምር ዙር አሥር ደቂቃ! አንዱ ዙር ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። ያላለቁት ዙሮች ሜሞሪ ውስጥ ተደራርበው ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ቨርዥን በአንድ ጊዜ ብዙ መልስ መጠየቅ ያስችላል። ሃያ አምስት ሃያ አምስት አድርጎ ሲጠይቅ አርባ ጥያቄ ብቻ ይሆናል፤ 24 ሰከንድ ነው።

የሜሞሪና የተኳኋኝነት፣ ማለት አሮጌና አዲስ ዕቃ የመግባባት፣ ጉዳይ አንድ ነገር እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። መጽሐፍ ላይ በተለያየ ምዕራፍ ይጻፋሉ። ሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ግን አሮጌ ቋንቋ ማለት ረጅም ጥበቃ ነው። ረጅም ጥበቃ ደግሞ የሚያልቅ ሜሞሪ ነው።

የመጠበቂያ ጊዜም አለ። ኔት ኤስኤንኤምፒ የሚባለው የታወቀ መሣሪያ ካልነካችሁት መልስ የሚጠብቀው አንድ ሰከንድ ነው። ካልመጣ ደግሞ ይጠይቃል። ቢሮ ውስጥ ላለ ስዊች አንድ ሰከንድ ብዙ ነው። መስመሩ በተጨናነቀ ሰዓት ለሳተላይት ቅርንጫፍ አይበቃም። መልሱ በመንገድ ላይ እያለ ሌላ ጥያቄ ይላካል፤ የተጨናነቀው መስመር ይብስበታል። እኛ ለሳተላይት ቅርንጫፎች አራት ሰከንድ አድርገን፣ ድጋሚ ጥያቄውን ወደ ሁለት ቀንሰን፣ ዙሩንም ወደ አሥር ደቂቃ አሳደግን። «ጠፋ» «መጣ» የሚለው የሌሊት መልእክት ቆመ። የተረኛው ልጅ እንቅልፍ አገኘ።

ስለ 497 ቀንም ላንሳ። አንድ ዕቃ ከተነሳ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው የሚቆጥርበት ቁጥር አለ። የሚቆጥረው በሰከንድ መቶኛ ነው፤ ማስቀመጫው 32 ቢት ነው። ስለዚህ በ497 ቀን ወደ ዜሮ ይመለሳል። ፕሮግራሙ ሲያይ ዕቃው አሁን የተነሳ ይመስለዋል፤ አላርም ያስተላልፋል። እኛ ጋ ይህን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሳይጠፋ 497 ቀን የሠራ ዕቃ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ቦታውን የሚጠብቁት አባት ባትሪውን በየጊዜው እየተከታተሉ፣ ጄኔሬተሩን በሰዓቱ እያስነሱ ነበር ለዚያ ያበቁት። አላርሙ ሐሰት መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ደውዬ አመሰገንኳቸው። «ሥራዬ አይደል እንዴ ልጄ» አሉኝ።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር። አፕግሬድ።

አሮጌው የጥበቃ ሰርቨር 32 ቢት ነበር። አዲስ 64 ቢት ማሽን ሲመጣ መዝገቦቹን ገልብጬ ወሰድኩ። አንዱም አልከፈት አለ። የአርአርዲቱል መዝገብ የሚጻፈው እንደ ማሽኑ አሠራር ነው። በ32 ቢት የተጻፈው 64 ቢት ላይ አይነበብም። መጀመሪያ በአሮጌው ማሽን ላይ ወደ ተራ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ከዚያ አዲሱ ላይ መልሶ መገንባት ያስፈልጋል። እኔ ግን አሮጌውን ማሽን ለንብረት ክፍል አስረክቤያለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ያን ቀን በጆሮዬ ሲያቃጭል ዋለ።

ሮጥኩ። ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ጋ ስደርስ ማሽኑ ከሌሎች አሮጌ ኮምፒውተሮች ጋር ተደርድሯል። ፎርሙ ተፈርሟል። «እትዬ፣ ለሁለት ቀን ብቻ ይመልሱልኝ» አልኳቸው። አዩኝ፤ ፊቴ ላይ ያለውን ሳያነቡት አልቀሩም። «ፈርመህ ውሰድ፣ ሐሙስ ግን ይመለስ» አሉኝ። ማሽኑን አስነስቼ ሌሊቱን በሙሉ መዝገቦቹን ገለበጥኩ። ተራ ጽሑፍ ሲሆኑ ብዙ እጥፍ ስለሚያብጡ ዲስኩ አይችላቸውም ነበር፤ መቶ መቶ እያደረግሁ እያሻገርኩ፣ የተሻገረውን እያጠፋሁ ሄድኩ። ሐሙስ ጠዋት ማሽኑን መለስኩ። አሮጌ ማሽን ለማስረከብ አሁን የራሴ ሕግ አለኝ። አዲሱ አንድ ሙሉ ወር ሠርቶ፣ የአምናው ግራፍ ተከፍቶ በዓይን ታይቶ ነው የማስረክበው።

ሌላም አለ። ሩቅ ያለ ማሽን ውስጥ በምስጢር የሚገባበት ኦፕንኤስኤስኤች የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 8.8 ቨርዥኑ አንድ የቆየ የፊርማ ዓይነት እንዲዘጋ አደረገ። ውሳኔው ትክክል ነው፤ ፊርማው የቆመበት ስሌት ተዳክሟል። ሰርቨሩን አፕዴት ባደረግን ማግስት ግን የአሮጌ ራውተሮቻችን ኮንፊግሬሽን ባክአፕ ቆመ። ራውተሮቹ የሚያውቁት ያንን ፊርማ ብቻ ነው። ከጓደኞቼ አንዱ ለሁሉም እንክፈተው አለ፤ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጻፈው። አልተስማማሁም። ለእያንዳንዱ አሮጌ ራውተር በስሙ ለይተን ፈቃዱን ጻፍን። ከጎኑም የሚተካበትን የበጀት ዓመት አስቀመጥን። ዝርዝሩ ሲያጥር ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ሜሞሪን በተመለከተ አንድ የቆየ ስህተትም ይህን ይመስላል። ሊኑክስ ያልተያዘ ሜሞሪ ሲያገኝ ዝም ብሎ አይተወውም፤ ያነበበውን ፋይል ያስቀምጥበታል። ሌላ ፕሮግራም ሲፈልግ ይለቃል። «ነፃ ሜሞሪ» የሚለውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ጠባቂ ግን ማሽኑ ሁሌም ሊያልቅበት የደረሰ ይመስለዋል። አንድ ተረኛ በዚህ አላርም የተነሳ ደህናውን ሰርቨር በየሌሊቱ ሪስታርት ሲያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሊኑክስ 3.14 ኬርነል (የሲስተሙ እምብርት) በእውነት ሊገኝ የሚችለውን ሜሞሪ ገምቶ የሚናገር ቁጥር ጨመረ። ከዚያ በፊት ያለ ኬርነል ላይ ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ አንድ ዓይነት መለኪያ ለሁሉም ሰርቨር ከጫንክ አሮጌዎቹ ባዶ ይመልሳሉ። ባዶ ደግሞ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። እኔ ባዶ መልስ በግራጫ እንዲታይ አደርጋለሁ። አላውቅምና ደህና ነው በአንድ ቀለም መታየት የለባቸውም።

ዛሬ ለጥበቃው የምንጠቀመው ፕሮሚቲየስን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳውንድክላውድ በሚባለው የሙዚቃ ድረ ገጽ ኩባንያ ውስጥ የተጀመረ መሣሪያ ነው፤ በጣም እወደዋለሁ። የቅርብ ሰዓታቱን መረጃ ሜሞሪ ላይ ስለሚይዝ ፈጣን ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገውም እዚያው ላይ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ አብሮን ይሠራል። ባለፈው ዓመት በየፖርቱ ያለውን የተጠቃሚ አድራሻ እንደ መለያ ጨመረበት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ማን መስመሩን እንደሚያጨናንቅ ለማወቅ ነው። ግን አስሉት። 60 ቅርንጫፍ፣ 48 ፖርት፣ አሥር መለኪያ፤ ለየብቻው የሚመዘገብ 28,800 ቁጥር ነው። በእያንዳንዱ ላይ 200 አድራሻ ሲመጣና ሲሄድ 5,760,000 ይደርሳል። ሰርቨሩ ወደቀ። ሲነሳ ከመውደቁ በፊት የጻፈውን ማስታወሻ ከዲስክ መልሶ ያነባል፤ ያው ሜሞሪ ያስፈልገዋል፤ እንደገና ይወድቃል።

ልጁ በጣም ደነገጠ። አልተቆጣሁትም። ሰኞ ጠዋት ሁሉም አረንጓዴ የነበረበትን ቀን ነገርኩት። ከዚያ አብረን ቁጭ ብለን መለያዎቹን አንድ በአንድ አየን። የተጠቃሚ አድራሻው በሌላ መዝገብ፣ ለሰባት ቀን ብቻ እንዲቀመጥ ወሰንን። የቅርንጫፉ ዕለታዊ ጫፍ ለሦስት ዓመት። የሜሞሪ ጣሪያም አበጀን። ፕሮግራሙ ከጣሪያው ካለፈ እሱ ብቻ ወድቆ ይነሳል፤ ማሽኑን ይዞ አይወድቅም።

ያ ልጅ ራሱ ያመጣው ሐሳብም አለ። ጠባቂውን የሚጠብቅ ሌላ ትንሽ ማሽን ሌላ ሕንፃ ውስጥ አስቀመጥን። በየአምስት ደቂቃው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ መጨረሻ የመጣው መልስ የስንት ደቂቃ ዕድሜ አለው? ከአሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ ስልካችን ላይ ይደውላል። ስክሪኑ ላይም ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ስም ጎን የመልሱን ዕድሜ አደረግን። አረንጓዴው ቀለም ዕድሜው ሲገፋ እየደበዘዘ ይሄዳል።

በመጀመሪያው ቨርዥን ብቻ የሚናገሩ አራት ስዊቾች ቀርተውናል። ሁለቱ በዘንድሮው ግዥ ውስጥ ገብተዋል። ከሁለቱ አንዱ ያለው ያን ሰኞ በተደወለባት ቅርንጫፍ ነው። ሠራተኛዋ አሁንም እዚያው አለች። ባለፈው ሳምንት መስመሩ ሲቋረጥ ገና ሳትደውል እኔ ደወልኩላት።

«አይተነዋል እህቴ፣ ቴክኒሻኑ መንገድ ላይ ነው» አልኳት።

«ስንት ሰዓት ይደርሳል ልበላቸው?» አለችኝ።